በግራ በኩል የተቀመጥኩባቸው ወራት

ናይሮቢ፣ ኢምባካሲ ባለው የአበባ ማሸጊያ መጋዘን ሥራ በጀመርኩበት ቀን አለቃችን ሁለት ቢጫ የጆሮ መድፈኛ ሰጠኝ። የማቀዝቀዣው ሞተር ስለሚጮህ እዚያ ሁሉም ሰው ያደርገዋል። የቀኙን ከተትኩና የግራውን በእጄ እንደያዝኩ ቆምኩ።

«ምን ሆነሻል? እሱንም አድርጊው እንጂ» አለኝ በስዋሂሊ።

ለማስረዳት ረጅም ታሪክ ነው፤ እኔ ደግሞ ረጅም ነገር ለመናገር አልተፈጠርኩም። ከተትኩት። የሰው ድምፅ ሁሉ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ የሚመጣ መሰለኝ። ድሮ የማስተምራት ትንሽ ልጅ፣ ናርዶስ፣ አራት ዓመት እስኪያልፋት ድረስ እንዲህ ነበር የኖረችው ማለት ነው አልኩ በልቤ።

ኢስትሊ ውስጥ ንግግር ከዘገየባቸው ትናንሽ ልጆች ጋር ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ያ ሥራ አሁን የለም። ያስተማሩኝ ሴት ጉልበታቸው ደረጃ አልወጣም ብሎ ልጃቸው ዘንድ ሞምባሳ ሄዱ። የቤቱ ባለቤትም ክፍላችንን ለጨርቅ ነጋዴ አከራየው። እኔ እስከ ስምንተኛ ክፍል ብቻ የተማርኩ ስለሆንኩ ብቻዬን ልይዘው የምችለው ሥራ አልነበረም። አሁን የአበባ ሳጥን ላይ ወረቀት እለጥፋለሁ፤ ደሞዙም ከድሮው ይሻላል። ሳልረሳው ግን ያየሁትን ልጻፍ ብዬ ተነሣሁ።

ናይሮቢ ከአክስቴ ጋር ስመጣ መጀመሪያ የገባሁት ኪሊማኒ፣ አንድ ፎቅ ቤት ልጅ ጠባቂ ሆኜ ነው። ባልና ሚስቱ ሁለቱም የቢሮ ሠራተኞች፣ ደግ ሰዎች ነበሩ። በስድስተኛው ወር ሴትዮዋ ወንበር ሰጥታ አስቀመጠችኝ።

«ጽጌ፣ ጥሩ ልጅ ነሽ። ቤቱም ንጹህ ነው። ግን ልጄ ቀኑን ሙሉ ካንቺ ጋር ውሎ ምን ሊሰማ ነው? ከግድግዳ ጋር ብተወው እኮ ግድግዳው ይሻላል፤ ቢያንስ የጎረቤት ድምፅ ያሳልፋል።»

በራሷ ቀልድ ሳቀች። የሙሉ ወር ደሞዜንም ሰጠችኝ። እኔ ማታቱ በሚሉት የናይሮቢ ታክሲ ውስጥ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አለቀስኩ።

አክስቴ ናት በቤተ ክርስቲያን የምታውቃቸው አደይ ለተ ዘንድ የወሰደችኝ። ኤርትራዊት ናቸው፤ «አደይ» በትግርኛ እናቴ ማለት ነው፤ አማርኛቸውን በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ተምረውታል። ናይሮቢ ውስጥ በአንድ ክሊኒክ ለብዙ ዓመት የንግግር ባለሙያ ረዳት ሆነው ሠርተዋል። ጡረታ ሲወጡ ኢስትሊ፣ ከአንድ የሻንጣ ሱቅ በላይ አንድ ክፍል ተከራይተው የሰፈሩን ልጆች መቀበል ጀመሩ። ከክሊኒኩ አንዲት ኬንያዊት ባለሙያ በወር አንድ ጊዜ እየመጣች ልጆቹን ታይ ነበር።

«ለምንድን ነው የተባረርሽው?» አሉኝ አደይ።

«ዝም ስለምል።»

«ምን ያህል ዝም ማለት ትችያለሽ?»

የሚያሾፉብኝ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው መልሴን መጠበቅ ቀጠሉ። ቢጨንቀኝ «ብዙ» አልኩ።

«በይ ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ነይ።»

ሥራው ምን እንደሆነ የገባኝ በሦስተኛው ቀን ነው። አደይ ምንጣፉ ላይ ከልጁ ዝቅ ብለው ይቀመጣሉ። የሳሙና አረፋ ይነፋሉ፤ ልጁ ይስቃል። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ይነፋሉ። በሦስተኛው የአረፋ መንፊያውን ዘንግ ከንፈራቸው አጠገብ አድርሰው ያቆማሉ፣ ከዚያም ይጠብቃሉ። ልጁን በዓይናቸው አያጨናንቁትም፤ ትንሽ ፈገግ ብለው ብቻ ይቀመጣሉ። ያን ጊዜ የግራ እጃቸው ከነጠላቸው ሥር የነጠላውን ዘርፍ አንድ በአንድ ይነካል። አሥር ዘርፍ ነው የሚቆጥሩት።

«ሰው እስከ ሦስት ድረስ ይጠብቃል» ይሉኝ ነበር። «እናት ደግሞ እስከ ሁለት ድረስ፤ ስለምትወደው አትችልም። የነዚህ ልጆች ቃል የሚመጣው ሰባትና ስምንት ላይ ነው። እዚያ ድረስ የሚቆይላቸው ሰው ነው ያጡት።»

ሌላም ብዙ ነገር ከሳቸው ተማርኩ። «ይህ ምንድን ነው? በል እስቲ ንገረኝ» ብሎ ልጅን መፈተን አይወዱም። ልጁ መኪና ሲገፋ «መኪናው ሄደ» ይላሉ፣ ያበቃል። ልጁ «መኪ» ካለ «ትልቅ መኪና» ብለው አንድ ቃል ይጨምሩለታል። ብስኩቱን ክዳኑ በጠበቀ የፕላስቲክ ዕቃ ከተው ዕቃውን ለልጁ ይሰጡታል፤ ለመክፈት የግድ ወደ ሰው እንዲመጣ። አማርኛውን ትተው በእንግሊዝኛ ብቻ እንዲያወሩ ተነግሯቸው የሚመጡ እናቶችን «ስትቆጪ በምን ቋንቋ ነው የምትቆጪው? በሱ አውሪው» ይሏቸዋል።

በመጀመሪያው ዓመት የመጣ አንድ ልጅ ለሁለት ወር ትንፍሽ ሳይል ቆይቶ አንድ ቀን ወንበር ላይ ወጣና በር እየደበደበ «ታዎ ታዎ ታዎ!» ብሎ ጮኸ። ወደ ከተማ የሚሄድ ማታቱ ረዳት ሲጣራ የሚለው ነው። እናቱ ደነገጠች፤ «ረዳት ሊሆንብኝ ነው» ብላ አለቀሰች። አደይ ግን ወንበሮቹን በመስመር ደረደሩና ቦርሳቸውን ይዘው ተሳፈሩ። እኔንም አሳፈሩኝ። ያ ልጅ መጀመሪያ ያወቀኝ በተሳፋሪነት ነው።

ማታ ማታ ክፍሉን ስንዘጋ አደይ አንድ ጥያቄ ነበረቻቸው። መዝገቡን ይዘጉና «ዛሬ ማንን ሳትሰሚ ቀረሽ?» ይሉኛል። ሁልጊዜ አንድ ስም መጥራት ነበረብኝ። «ማንንም» ካልኩ ቁልፉን አያዞሩትም።

ሶስናና ናርዶስ የመጡት በአራተኛው ዓመቴ ነው። እናታቸውን እትዬ ትርሲት እላታለሁ፤ እዚያው ኢስትሊ ልብስ መሸጫ ተቀጥራ ትሠራለች። ሶስና የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ትንሿን በእጇ ይዛ ደረጃውን ትወጣለች። ደረጃው ጨለማ ስለሆነ «ንጎጃ፣ ንጎጃ» ትላታለች፤ በስዋሂሊ ቆይ ማለት ነው። ናርዶስ ሦስት ዓመት ከግማሽ አልፏት ከ«እማ» ሌላ ቃል አልነበራትም።

አያስፈልጋትም ነበር ማለት ይቻላል።

«ቲቸር፣ ውሃ ፈልጋለች። ቀዝቃዛውን አይደለም።»

«ቲቸር፣ ቀዩን ኳስ ነው። ያንን ሳይሆን፣ ከወንበሩ ሥር ያለውን።»

ናርዶስ እህቷን ቀና ብላ ታያለች፣ ሶስና ትናገራለች፣ ውሃው ይመጣል። ሶስና ለእናቷም እንዲሁ ነበረች፤ የእናትየዋ ስዋሂሊ ደካማ ስለሆነ ገበያም ቢሮም ሶስናን ይዛት ትሄዳለች። ሱቅ ያሉት ሴቶች «የትርሲት ቤት አፍ አንድ ብቻ ነው» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። አንድ ነገር ደግሞ አይ ነበር። ሶስና ሁልጊዜ በናርዶስ ቀኝ ትቆማለች። መጀመሪያ ትከሻዋን መታ ታደርግና ከዚያ ወደ ቀኝ ጆሮዋ ጎንበስ ብላ ታወራታለች። ምሥጢር የሚጫወቱ መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር።

እኔ በናርዶስ ግራ ነበር የምቀመጠው። የምቀመጥባት ትንሽ ዱካ ያለችው እዚያ ስለሆነ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም።

አደይ ስለ ወንድምና እህት ጠንካራ ደንብ ነበራቸው። «አታባርሪያቸው። ሥራ ስጫቸው» ይላሉ። ነገር ግን በዚያ ሰሞን ጉልበታቸውን ሊታከሙ ሞምባሳ ሄዱና ሦስት ሳምንት ብቻዬን ቀረሁ። ሲመለሱ አንድ ነገር ላሳያቸው ፈለግሁ። ናርዶስ አንድ ቃል፣ አንዲት ቃል ብትል። እንቅፋቱ ሶስና መሰለችኝ። ስለዚህ ደረጃው ላይ ይዣት ቆምኩ።

«ሶስናዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ለናርዶስ አትናገሪላት። ምን እንደፈለገች፣ ምን እንደሆነች ለማንም እንዳትናገሪ። ራሷ ትናገር።»

«ለእማዬም?»

«ለእማዬም።»

«ብታለቅስስ?»

«ብታለቅስም። ማርያምን በይ።»

ሶስና አየችኝ። «ማርያምን» አለች ቀስ ብላ።

እኛ ይህን መሐላ ቀኑን ሙሉ ነው የምንወረውረው። ስኳር ጨምረሻል? ማርያምን። ደውለሽ ነበር? ማርያምን። የሰባት ዓመት ልጅ፣ እሑድ እሑድ በሥዕሏ ፊት ቆማ የምትሳለም ልጅ፣ እንዴት እንደምትሰማው አላሰብኩም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሶስናን ወረቀትና እርሳስ ሰጥቼ ጥግ አስቀመጥኳት።

በሁለተኛው ሳምንት ናርዶስ ጉንፋን ያዛት። ሰኞ ስትመጣ ትነጫነጭ ነበር። ረቡዕ ዕለት አረፋውም ኳሱም አላማራትም። መጣችና በግራ ጉንጯ ጭኔ ላይ ተኛች። ጭንቅላቷን ወደ ጭኔ ጫን አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። ለወራት ርቃኝ የኖረች ልጅ ናት፤ ለመደችኝ ብዬ ልቤ ሞላ። ቀና ስል ሶስና ከጥግ ታየኛለች። አፏን ከፈተች፣ ደግሞ ዘጋችው። ቃሏን ስለጠበቀች ራሴን ነቅንቄ «ጎበዝ» አልኳት።

ሐሙስ ከናርዶስ ግራ ጆሮ ደም የቀላቀለ መግል ፈሶ የቀሚሷን አንገት አበላሸው። እትዬ ትርሲት ከሱቅ ደወለችልኝና ሁለቱንም ልጆች ይዘን ወደ ክሊኒክ ሮጥን። ሐኪሙ የጆሮዋ ታምቡር ተቀዶ ነው አለ። ስንት ቀን እንዳመማት ጠየቀ። እናትየዋ አላወቀችም። ኮሪደሩ ላይ ወደ ሶስና ዞረች።

«ጆሮዋን እንደሚያማት ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከእሑድ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? ሶስና! ለምን አልነገርሽኝም?»

ሶስና አንድ ጊዜ ብቻ አየችኝ። እኔ የኮሪደሩን ወለል አየሁ፤ ወለሉ አረንጓዴ ነበር።

«ይቺ ልጅ ልብ የላትም» አለች እናቷ እያለቀሰች። «ድንጋይ ናት።»

ልናገር ነበር። እውነቴን ነው፣ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ነርሷ ስም ጠራች፣ ሰው ተነሣ፣ ወረቀት ተፈረመ፣ ጊዜው አለፈ። ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ነገም አልነገርኳትም። ስምንት ቀን እንዲህ አለፈ። ሱቅ ያሉት ሴቶች ሁሉ ሰሙ። ሶስና ስታልፍ «እህቷን የካደች» ብለው ይቆጧት ጀመር። እሷም ለናርዶስ ብቻ ሳይሆን ለማንም መናገር ተወች። ትምህርት ቤት አስተማሪዋ ስትጠራት እንኳ አትመልስም አሉ።

አደይ ተመለሱ። በመጀመሪያው ማታ መዝገቡን ዘጉና «ማንን ሳትሰሚ ቀረሽ?» አሉኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ለመናገር ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ፤ እሳቸው የነጠላቸውን ዘርፍ ይዘው ተቀመጡ።

«አደይ፣ ለእትዬ ትርሲት እርስዎ ይንገሩልኝ። በእርስዎ ላይ አትቆጣም።»

«ለናርዶስ የማልናገርላትን ላንቺ ልናገርልሽ?»

ቁልፉን አዞሩና ቀድመውኝ ደረጃውን ወረዱ።

የዚያኑ ዕለት ማታ ብቻዬን ወደ እትዬ ትርሲት ሄድኩ፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ነበር የተከራየችው። ሽንኩርት የምትልጥበትን ቢላዋ እንደያዘች በሩን ከፈተች። ናርዶስ ጆሮዋ ውስጥ ጥጥ አድርጋ አልጋው ላይ ተቀምጣለች። ሶስና መሬት ላይ ደብተሯን ዘርግታለች።

«ግቢ እንጂ ጽጌ፣ ምነው ቆምሽ?»

ቆምኩ። እጄ የበሩን እጀታ ይዞ ቀረ።

«ምነው? ክፉ ነገር አለ? አደይ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው» ለማለት ራሴን ነቀነቅኩ። ከዚያ ሶስና ከመሬት ተነሣች። ከስምንት ቀን በኋላ ድምፅዋን ሰማሁት።

«እማዬ፣ ቲቸር ማለት የፈለገችው...»

አቋረጠች። በእጇ አፏን ያዘች። መሐላዋን አስታውሳ ይሁን፣ ቲቸር ትቆጣኛለች ብላ ይሁን አላውቅም። እዚያው ቆማ እኔን ታየኝ ጀመር። እኔን ትጠብቅ ነበር። ነጠላ አልለበስኩም፤ የሹራቤን ቁልፎች በጣቴ ቆጠርኩ። ስድስተኛው ላይ ደረስኩ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «እንዳትናገር ያስማልኳት እኔ ነኝ። ማርያምን በይ ብዬ። ለእናትሽም እንዳትነግሪ ብያት ነበር። ሶስና ምንም ጥፋት የለባትም። ክሊኒክ ልነግርሽ ነበር፤ ፈራሁ።»

እትዬ ትርሲት ቢላዋውን አስቀመጠች። «ስምንት ቀን» አለች። «ስምንት ቀን ልጄን ስረግማት እያየሽኝ? አንቺን አምኜ?» ከዚያ በላይም ተናገረች። የሚገባኝን ነው የተናገረችው፤ አልጽፈውም። ስትጨርስ መሬት ላይ ቁጭ ብላ የሶስናን ጭንቅላት ደረቷ ላይ አደረገች።

ሶስና ከእናቷ ክንድ ውስጥ «ማርያም አትቆጣኝም?» አለችኝ።

«አንቺን አትቆጣም። መሐላውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ የምትቆጣውም እኔን ነው። አሁን የፈለግሽውን ሁሉ መናገር ትችያለሽ።»

ያን ጊዜ ነው አደይ ቢሆኑ የሚጠይቁትን የጠየቅኳት፤ ከወራት በፊት ልጠይቃት የሚገባኝን።

«ሶስናዬ፣ ናርዶስ እንዴት ነው የምትሰማው?»

«በዚህኛው ትሰማለች» አለች፣ የራሷን ቀኝ ጆሮ ነካች። «ጠጋ ካልኩ ነው ግን። በዚያኛው አትሰማም። ስጠራት አትዞርም።»

እናቷ ቀና አለች። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ድሮም። ሁላችሁም የምታውቁ መስሎኝ።»

እትዬ ትርሲት ለሁለት ሳምንት ልጆቿን አላመጣችም። አልፈርድባትም። በነዚያ ቀናት አደይ ሶስና ያለችውን በወር አንዴ ለምትመጣው ባለሙያ ደውለው ነገሯት፤ እሷም የመስማት ምርመራ ቀጠሮ ያዘችላቸው። ልጆቹ የተመለሱ ቀን አደይ ምንም ሳይሉኝ፣ ጉልበታቸውን እየያዙ ጎንበስ አሉና ዱካዬን አንሥተው ከምንጣፉ ግራ ወደ ቀኝ አዞሩት።

ለምርመራው ልጁ ድምፅ በሰማ ቁጥር አንድ ነገር ወደ ቆርቆሮ መጣል አለበት። ናርዶስ ጨዋታው ካልገባት ምርመራው ከንቱ ነው። ይህን ሥራ አደይ ለሶስና ሰጧት። ሶስና አሥር ቀን ሙሉ ከናርዶስ ጀርባ ቆማ ማንኪያ እየመታች ባቄላ ማስጣል አስተማረቻት። ቀጠሮው ቀን ሐኪሟ «ማነው እንዲህ ያለማመዳት?» ብላ ጠየቀች። ሁላችንም ወደ ሶስና ዞርን፣ ማናችንም አልተናገርንላትም። ቆየት ብላ «እኔ» አለች።

በሁለቱም ጆሮዎቿ ከታምቡሩ ጀርባ ውሃ ተጠራቅሞ ኖሯል፤ የግራው የባሰ ነበር። መድኃኒት ሞከሩ፤ በኋላ ትንሽ ቱቦ አስገቡላት። እንዲህ ስጽፈው አጭር ነው፤ ወረፋውና ወረቀቱ ግን ወራት ወሰደ። ቃልም ቶሎ አልመጣም። ድምፅ ስትፈራ፣ የሞተር ብስክሌት ሲያልፍ ስታለቅስ ከረመች። ሶስና ደግሞ እኔን «አዎ» እና «አይ» ብቻ ነበር የምትለኝ። ያም እስኪያልፍ ጠበቅኩ።

አንድ ቀን ናርዶስ የብስኩቱን ዕቃ ይዛ ወደ እኔ መጣች። ክዳኑን እያየች ቆመች። ሶስና ከቆየ ልማዷ «ቲቸር፣ ብስኩት...» ስትል ናርዶስ ነጻ እጇን ወደ እህቷ ዘረጋች።

«ንጎጃ!»

ሶስና አፏን ዘግታ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ መሬት ላይ ወድቃ እስክትተኛ ሳቀች። ናርዶስ ብስኩቱን በምን ቃል እንደጠየቀችኝ አላስታውስም። መጠየቋን ብቻ አውቃለሁ።

ክፍሉን በመጨረሻ ቀን ስናስረክብ ሁለቱም መጡ። ሶስና አድጋ ትከሻዬ ደርሳለች፤ ናርዶስ ትምህርት ቤት ገብታለች። አንዳንድ ፊደል ቢያስቸግራትም ወሬ አያልቅባትም። ደረጃውን እስክንወርድ ስለ አስተማሪዋ ጫማ ነገረችኝ። መንገዱ ላይ ተሰነባበትን። እየሄዱ ሳሉ ሶስና ሲራመዱ እንደ ድሮው በናርዶስ ቀኝ መሆኗን አየሁ።

«ሶስና» ብዬ ጠራኋት። ጮክ ብዬ መንገድ ላይ ሰው ስጠራ ያ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም። «አሁን እኮ በሁለቱም ትሰማለች።»

«አውቃለሁ» አለች።

ግን ቦታዋን አልቀየረችም። የናርዶስን ትከሻ መታ አደረገችና ወደ ቀኝ ጆሮዋ ጎንበስ ብላ አንድ ነገር ነገረቻት። ከዚያ ሁለቱም ከታችኛው ሱቅ ፊት በተደረደሩት ሻንጣዎች መሐል እየሳቁ ሄዱ።